አገር በምን ያድጋል?
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



አገር በምን ያድጋል ሲባል ብዙዎቻችን «ወርቅና ነዳጅ ሲኖረው ነዋ!» እንላለን። እስቲ ደቡብ ኮሪያን እንመልከት። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን ሲዘምቱላት ጦርነት ያነደዳት፣ ነዳጅም የሌላት ድኻ አገር ነበረች።

ታዲያ በምን አደገች? አንደኛ፣ መሬት ለአራሹ ተከፋፈለ። ሁለተኛ፣ የድኻውም ልጅ ትምህርት ቤት ገባ። ሦስተኛ፣ ጨርቁንም፣ ከሰው ጠጉር የተሠራ ዊግም ሳይቀር እየሠራች ለውጭ ገበያ ሸጠች። እኛ መዝገብ ስንገለብጥ ያረጀን ሰዎች ሒሳቡን እንየው፦ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 የውጭ ሽያጯ 100 ሚሊዮን ዶላር፣ በ1977 ደግሞ 10 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። በ13 ዓመት መቶ እጥፍ! እርግጥ የውጭ ርዳታና ብድርም ነበራት፤ ሠራተኛውም በትንሽ ደመወዝ ብዙ ተንገላቷል። ቢሆንም ያልተማረ ሕዝብ ይዛ እዚህ ባልደረሰች ነበር።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የዕድራችን ገንዘብ ለቀብርና ለድንኳን ነው፤ እሱ አይነካ። ነገር ግን ከዓመቱ ወጪ ቀሪ ላይ፣ ወላጅ ለሞተባቸው ልጆች ለደብተርና ለትምህርት የሚሆን ይመደብ እንላለን። የሞተው በክብር ይሸኝ፤ የቀረው ልጅም ይማር። ሐሳባችን ለድምፅ ይቅረብልን።