ጨርቁን ማን ያስኬደዋል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአዳራሹ ለተሰበሰቡት ተማሪዎች፣ መምህራንና ወላጆች የተሰጠ ንግግር)





በዚህ የደስታ ቀን ከፊታችሁ ቆሜ ስለ አንድ መሣሪያ እናገራለሁ። መሣሪያው ለማናችንም እንግዳ አይደለም። አንዳንዶቻችን በቤታችን አለን፤ የሌለንም በየገበያው ዳርና በየሱቁ በረንዳ ላይ እናየዋለን። ይኸውም የልብስ ስፌት መኪና ነው። በአገራችን ብዙ ሰው በአንድ ፋብሪካ ስም «ሲንጀር» እያለ ይጠራዋል።

የዓመት በዓል ሲቃረብ በልብስ ሰፊ ደጃፍ የሚቆመውን ሰው ብዛት ሁላችንም እናውቃለን። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ለልብስ ሰፊው ቀልድ አይደለም። እንግዲህ ቀሚሱ ለጥምቀት እንዲደርስ የሚያደርገው የመኪናው ክፍል የትኛው ነው? ብዬ ብጠይቅ፤ አብዛኞቻችሁ «መርፌው ነዋ!» የምትሉ ይመስለኛል። መርፌው ያብለጨልጫል፤ ይወርዳል፤ ይወጣል፤ ዐይናችንን የሚስበው እርሱ ነው። እኔ ግን የተነሣሁት ከጨርቁ ሥር ተደብቆ ስለሚሠራ አንድ ትንሽ ጥርሳም ብረት ለመናገር ነው። መርፌው ይወጋል እንጂ አያስኬድም። ጨርቁን የሚያስኬደው ይህ ብረት ነው። የስፌት መኪናም ለሰው ልጅ እውነተኛ አገልጋይ የሆነው መርፌው በተገኘ ጊዜ ሳይሆን፤ የጨርቁ አካሄድ በተስተካከለ ጊዜ ነው። የዛሬው ንግግሬ ይህንን ለማስረዳት ነው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ በእጃችን ስንሰፋ የምናደርገውን እናስተውል። ቀኝ እጅ ይወጋል፤ ግራ እጅ ጨርቁን ወጥሮ ይይዛል፤ በየጊዜውም ፈቀቅ ያደርገዋል፤ ዐይን ደግሞ ርቀቱን ይለካል። ስለዚህ ልብስ የሚሰፋ መኪና ለመሥራት የሚነሣ ሰው የሚወጋውን እጅ ብቻ ቢተካ ሥራው ግማሽ ነው። ሁለተኛውንም እጅ መተካት አለበት። ይህም ሁለተኛ እጅ ሦስት ግዴታዎች አሉበት። አንደኛ፤ መርፌው በጨርቁ ውስጥ ሳለ ጨርቁን ከቶ እንዳያንቀሳቅስ። ሁለተኛ፤ መርፌው በወጣ ቁጥር ጨርቁን እኩል በእኩል እንዲያስኬድ። ሦስተኛ፤ ስፌቱ እስኪያልቅ ድረስ ሳያቋርጥ እንዲሠራና ሰፊው እንደ ፈለገ ጨርቁን እንዲያዞር እንዲፈቅድለት። እነዚህን ሦስቱን ባንድነት ለመፈጸም ብዙ ሰዎች ደክመዋል።

ከነዚህ ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው ነው። ሃው በማሳቹሴትስ ክፍል አገር፣ ኬምብሪጅ በምትባለው ከተማ በ1845 መኪናውን ሠርቶ፤ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1846 የፈጠራ መብት ወረቀት ተቀበለበት። የመርፌው ቀዳዳ እንደ እጅ መርፌ በጀርባው ሳይሆን በጫፉ አጠገብ ነበር። ሁለተኛውን ክር በመርፌው ክር ውስጥ የሚያሳልፈው እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ያለች ትንሽ መወርወሪያ ነበረች። ሃው ቦስተን ከተማ ውስጥ መኪናውን ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ፤ አምስት ብርቱ ሰፊ ሴቶች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ስፌት ሲይዙ፤ እርሱ ብቻውን አምስቱን ስፌት ቀድሟቸው እንደ ጨረሰ ይነገራል። በደቂቃም 250 ያህል ጊዜ ይወጋ ነበር።

ታዲያ ይህን የመሰለ መኪና በአገሩ ገበያ ያላገኘው ስለ ምንድን ነው? ዋጋው ውድ ነበር፤ ነገር ግን አንዱ ትልቅ ምክንያት ከጨርቁ አካሄድ ላይ ነበር። በሃው መኪና ጨርቁ ቀጥ ብሎ ይሰቀላል። የሚሰቀለውም ብዙ ትንንሽ መውጊያዎች በተተከሉበት ቀጭን የብረት ሰሌዳ ላይ ነው። መርፌው በወጣ ቁጥር አንድ ጥርሳም መንኮራኩር ሰሌዳውን ጥቂት ይገፋዋል። ይህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግዴታዎች በሚገባ ይፈጽማል። ሰሌዳው ግን መጨረሻ አለው። ከመጨረሻው በደረሰ ጊዜ መኪናው ይቆማል፤ ጨርቁ ከመውጊያዎቹ ይነቀላል፤ ሰሌዳው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጨርቁም እንደገና ይሰቀላል። መርፌው የሚሮጥ ሲሆን ሰውየው ጨርቅ ሲሰቅልና ሲያወርድ ይውላል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ስፌቱ የሰሌዳውን መሥመር ብቻ ስለሚከተል፤ ኮሌታና ብብት የመሰለውን ጠማማ ስፌት እንደ ልብ መስፋት አይቻልም ነበር።

የሰሌዳውን መጨረሻ ያስቀረው ጆን ባችልደር ነው። ሜይ 8 ቀን 1849 የፈጠራ መብት ባገኘበት መኪና ላይ፤ ጨርቁን ከተሰቀለበት አውርዶ በአግድም ገበታ ላይ አስተኛው። በገበታው ሥር ጫፍና ጫፉ የተጋጠመ፣ ዙሪያውን የሚዞር የቆዳ ቀበቶ አኖረ። በቀበቶው ላይ የተተከሉት ትንንሽ የብረት እሾኾች በገበታው በኩል ብቅ እያሉ ጨርቁን ወግተው ወደ መርፌው ያደርሱታል። ቀበቶው ክብ ስለ ሆነ መጨረሻ የለውም፤ ስለዚህ ስፌቱም የጨርቁን ያህል ይረዝማል። ነገር ግን በእሾኽ የተወጋ ጨርቅ እንደ ልብ አይዞርም።

ቀጥሎ የመጣው ስሙን በየቀኑ የምንጠራው አይዛክ ሲንጀር ነው። ሲንጀር በ1850 ቦስተን ከተማ በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ ለጥገና የሚመጡትን የስፌት መኪናዎች አየ፤ ጉድለታቸውንም መረመረ። ኦገስት 12 ቀን 1851 የፈጠራ መብት ያገኘበት መኪና በገበታው ሥር ፊቱ የሻከረ መንኮራኩር ነበረው። የመንኮራኩሩ ጀርባ በገበታው ስንጥቅ በኩል ጥቂት ብቅ ይላል። ከላይ ደግሞ በሞላ የሚገፋ እግር ጨርቁን በመንኮራኩሩ ላይ ይጫነዋል። እዚህ ላይ ትልቅ ለውጥ እንመለከታለን፤ ጨርቁ ተወግቶ መያዙ ቀርቶ፤ ከላይና ከታች በመጫን ብቻ ተይዟል። ስለዚህ ሰፊው ጨርቁን በእጁ እየመራ ጠማማውንም መስፋት ቻለ። ሆኖም መንኮራኩሩ ጨርቁን መንካቱን ለአንድ አፍታም አይተውም ነበር።

የቀረውን ጉድለት ያስወገደው አለን ዊልሰን የተባለ የቤት ዕቃ አናጢ ነው። ዊልሰን ኖቬምበር 12 ቀን 1850 የመዘገበው የመጀመሪያው መኪናው በመንኮራኩር ፈንታ ጥርስ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ነበረው። ብረቱ ሁለት እንቅስቃሴ ብቻ ያውቃል፤ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወደ ፊት ሲሄድ ጥርሶቹ ጨርቁን ይዘው ይገፋሉ፤ ሲመለስ ግን ከጨርቁ ሥር እየተንሸራተቱ ያልፋሉ። ይሁን እንጂ ጥርስ እየታከከ ሲመለስ ጨርቁን ጥቂት ሊጎትተው ይችላል። ዊልሰን በዚህ አልረካም። ዲሴምበር 19 ቀን 1854 በተሰጠው ሌላ የፈጠራ መብት ሁለቱን እንቅስቃሴዎች አራት አደረጋቸው። ብረቱ አንደኛ ወደ ላይ ይነሣል፤ ሁለተኛ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሦስተኛ ወደ ታች ይወርዳል፤ አራተኛ ከገበታው በታች ሆኖ ጨርቁን ሳይነካ ወደ ኋላ ይመለሳል።

(እዚህ ላይ ተናጋሪው ሁለት መጻሕፍት በጠረጴዛ ላይ ጥቂት አራርቆ አኖረ፤ በላያቸው መሐረብ ዘረጋ፤ አንድ ተማሪም መሐረቡን በጣቱ ቀስ ብሎ እንዲጫነው አደረገ። ከዚያም በመጻሕፍቱ መካከል ባለው ክፍተት ሚዶ ይዞ፤ «ላይ፤ ወደ ፊት፤ ታች፤ ወደ ኋላ» እያለ መሐረቡን አስኬደው።)

አያችሁ ወላጆቼና ጓደኞቼ፤ ሚዶው ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ መሐረቡ ግን እስከ ጫፉ ድረስ ሄደ። ሃው ሰሌዳውን ወደ ኋላ ለመመለስ መኪናውን ያቆም ነበር። በዊልሰን መኪና ግን መመለሱ በእያንዳንዱ ስፌት መካከል፤ መርፌው ጨርቁን ይዞ ሳለ፤ ማንም ሳያየው ይፈጸማል። ምስጢሩ መያዝን ብቻ ሳይሆን መልቀቅንም ማወቁ ነው።

ይህ ሥራ ከመርፌው ጋር በትክክል መስማማት አለበት። በመኪናው ውስጥ የሚዞረው ዋና ዘንግ መርፌውንም ጥርሳሙንም ብረት ባንድነት ያንቀሳቅሳል። በዘንጉ የሚዞሩ፣ ክብነታቸው ያልተስተካከለ ብረቶች ሲዞሩ፤ አንዱ ጥርሳሙን ብረት ያነሣዋል፤ ሌላው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋዋል። ዘንጉ አንድ ስለ ሆነ አንዱ ሌላውን ሊቀድም አይችልም። መርፌው ጨርቁ ውስጥ ሳለ ጥርሱ ጨርቁን ቢገፋ መርፌው ይጣመማል፤ ወይም ይሰበራል። የስፌቱን ርዝመት ማስረዘምና ማሳጠር ስንፈልግም የምናዞረው ብሎን፤ ብረቱ በአንድ ጊዜ ወደ ፊት የሚሄደውን ርቀት ይለውጣል እንጂ መርፌውን አይነካውም።

ይህን ያወቀ ሰው በቤቱ ያለውን መኪና ከብዙ ጉዳት ያድነዋል። ብዙ ሰው መኪናው ይፋጠንለት እየመሰለው ጨርቁን በእጁ ይጎትታል። የእጅ ሥራ ግን ጨርቁን መምራት ነው እንጂ መሳብ አይደለም፤ ቢስበው መርፌው ተጣሞ ከብረት ጋር ይጋጭና ይሰበራል። ጨርቁ አልሄድ ብሎ በአንድ ቦታ ቢቆም ደግሞ፤ መርፌውን ከመለወጥ በፊት በጥርሶቹ መካከል የተጠቀጠቀ የጥጥ ብናኝ መኖሩን መመልከት ይገባል። ሁለት ጨርቅ ደርበን ስንሰፋ የላይኛው ወደ ኋላ ቀርቶ ጫፉ የሚተርፈው፤ ጥርሱ የሚገፋው የታችኛውን ስለ ሆነ፤ የላይኛውን ደግሞ ለስላሳው እግር ስለሚይዘው ነው። ጥሩ ልብስ ሰፊ ይህንን ያውቃል፤ ሁለቱን ጨርቆች እኩል አድርጎ በጣቶቹ ይመራቸዋል።

እነዚህ ሰዎች ያገኙት ጥበብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ገበያውም መሰከረ። በ1850ዎቹ የስፌት መኪና ባለቤቶች መብቴ ተነካ እየተባባሉ በፍርድ ቤት ሲካሰሱ ቆይተው፤ በ1856 ሃውና ሦስት ትልልቅ ኩባንያዎች መብታቸውን ባንድነት አዋሉ። ሌላው ሠሪ ሁሉ ለእነርሱ እየከፈለ እንዲሠራ ተገደደ። የሃው መብት በ1867 አበቃ። ማኅበሩን እስከ 1877 ድረስ ያቆየው ግን የባችልደር መብት ነበር። ስለ መርፌው የሚከፈለው ካበቃ በኋላ፤ ጨርቁ በአግድም ገበታ ላይ ሳያቋርጥ ስለ መሄዱ አሥር ዓመት ተጨማሪ ተከፈለ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ሰው ምን ተጠቀመ? ዊለርና ዊልሰን የተባለው ኩባንያ በ1860ዎቹ መጀመሪያ ባወጣው ንጽጽር፤ በእጅ 14 ሰዓት ከ26 ደቂቃ የሚፈጀው የወንድ ሸሚዝ በመኪና በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ያልቃል። ተራ የጥጥ ቀሚስም በእጅ 6 ሰዓት ከ37 ደቂቃ፤ በመኪና 57 ደቂቃ ነው። ቁጥሩን የሰጠው ሻጩ ራሱ ስለ ሆነ ጥቂት ቢያጋንን አይገርምም፤ ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፤ ጥቅሙ ለሁሉም እኩል አልደረሰም። መኪና መግዛት የቻለ ሰው ኑሮው ተሻሻለ፤ ያልቻለችው ድኻ ሰፊ ግን የስፌት ዋጋ ሲወድቅ ከበፊቱ ይልቅ ብዙ ሰፍታ ጥቂት ታገኝ ነበር። ስለዚህ መሣሪያ ሲመጣ፤ ለማን እንደሚደርስና ማን እንደሚማረው አብሮ ማሰብ የአዋቂዎች ግዴታ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ዛሬ በኤሌክትሪክና በኮምፒውተር የሚሠሩት የስፌት መኪናዎች ሳይቀሩ በአብዛኛው ጨርቁን የሚያስኬዱት በነዚሁ በአራቱ እንቅስቃሴዎች ነው። ስለዚህ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ፤ መኪና ካለ ከእናቶቻችሁ ወይም ከአባቶቻችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ እግሩን አንሡና መንኮራኩሩን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ጥርሱ ሲነሣ፤ ሲሄድ፤ ሲወርድና ሲጠፋ ታያላችሁ። የሌላችሁም በአካባቢያችሁ ያለውን ልብስ ሰፊ በትሕትና ጠይቁት፤ ከመጽሐፍ የማይገኝ ብዙ ነገር ያስተምራችኋል።

አገራችን መኪና ገዝተው የሚጠቀሙ ሰዎች አሏት። መኪናው ለምን እንደሚሄድና ለምን እንደሚቆም የሚያውቁ፤ ሲበላሽ የሚጠግኑና ጉድለቱንም አይተው የሚያሻሽሉ ልጆች ግን ከዚህ የበለጠ ያስፈልጓታል። ዊልሰን የእንጨት ሠራተኛ ነበር። እርሱን ለዚህ ያበቃው፤ ሌሎች ሁሉ «ይበቃል» ያሉትን ሥራ አይቶ የመመለሻውን መንገድ ማሰቡ ነው። ትምህርት ቤታችንም እንደዚህ ያሉ ተመራማሪዎችን እንዲያፈራ እየተመኘሁ፤ መልካም በዓል እንዲሆንልን በመለመን ንግግሬን እፈጽማለሁ።