የደበዘዘች ጀልባ በተከዜ ሐይቅ ዳር
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ጀልባ ገጽ አጠባበቅ ልናገር ስነሣ፣ «በዋግ ተራራ ላይ ደግሞ ምን ጀልባ አለና!» የሚል ከመካከላችሁ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። አበርገሌ ግን ቆላ ነው፤ ከተከዜ ግድብ ወዲህ ደግሞ ባለሐይቅ ቆላ ሆኗል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውና 188 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ግድብ ወንዙን ወደ ኋላ ገትቶ፣ ቀድሞ በገደል ሥር ይጋልብ የነበረውን ውኃ አስተኛው። ፍየል ጠባቂ የነበረው ወጣት መረብ መጣል ለመደ፤ ቆረሶና አምባዛም ወደ ሰቆጣ መውጣት ጀመሩ።

የንግግሬ መነሻ በዚሁ ሐይቅ ዳር ያየኋት አንዲት ነጭ የፋይበርግላስ ጀልባ ናት። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ባለቤቶቿን ሲያፈናቅላቸው ተገልብጣ ቀረች፤ ዓመታትም ፀሐይ ስትጠጣ ኖረች። ተመልሰው ሲያገኟት ገጿ የኖራ ግድግዳ መስሏል። ከፊሎቹ «አርጅታለች፣ ትጣል» ሲሉ፣ ከፊሎቹ የቤት ዘይት ቀለም ሊቀቧት ቆርቆሮውን ገዝተው ነበር። ለእነርሱ ጀልባ ማለት የዓመት ጉርስ በመሆኑ ፍርዱ ቀላል አልነበረም።

በመሠረቱ ፋይበርግላስ ማለት በፖሊስተር ሬዚን ርሶ የደረቀ የብርጭቆ ክር ነው። ከላይ የምናየው ለስላሳ ቆዳ ጄልኮት ይባላል፤ ውፍረቱም ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የዚህን ቆዳ ሰንሰለት ይበጣጥሳል፣ የአየሩ ኦክሲጅንም ያግዘዋል፤ ከዚያም የላላው ቀለም በእጅ ሲዳሰስ እንደ ዱቄት ይነሣል። አበርገሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ፣ በቀጥታ ከአናቱ በላይ ትቆማለች። የነሐሴውን ደመና ይከልልልናል፤ የሚያዝያውን ግን የሚከልለው የለም።

እንግዲህ ከመወልወል በፊት መመርመር ይገባል። የጀልባዋን አካል በእንጨት እጀታ ቆርቆር ሲያደርጉት ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ግን ንብርብሩ ተላቋልና ማብረቅረቁ ራስን ማታለል ይሆናል። ቀጥሎ ጥቂት ቦታ በውኃ ይረጠባል። እርጥብ ሳለ የቀድሞ መልኩ ከተመለሰ ጄልኮቱ ገና አለ ማለት ነው፤ የክሩ ሽመና ከታየ ግን አልቋል፣ በአዲስ መተካት አለበት። የእኛይቱ ውኃ ሲነካት ነጣች። በዚያች ደቂቃ የቀለሙ ቆርቆሮ ወደ ሱቅ እንዲመለስ ተወሰነ። የቤት ቀለም በዱቄት ላይ አይጸናም፤ እየተላጠ ከመውደቁም በላይ ለኋለኛው ሠራተኛ እጥፍ ድካም ይተውለታል።

እጥበቱ በተራ ሳሙና ይሁን። አንድ ወጣት እንዶድ ይዞልኝ መጥቶ ነበር፤ ልብስን እንደሚያነጣ ማን ይክዳል? ነገር ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያስተዋሉት ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር ነው፤ ዓሣንም አይምርም። ሊያጠምዱት የሚሹትን ዓሣ በእጥበት መፍጀት አይገባም።

ከታጠበች በኋላ በውኃ የረጠበ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከ600 ቁጥር ተጀምሮ በ1000 አልፎ እስከ 1500 ድረስ፣ በየተራ ይታሻል። ውኃው አቧራው ወደ ሳንባ እንዳይገባ ያደርጋል፤ እጣቢው ግን ወደ ሐይቁ አይለቀቅ። ጠርዝ ላይ እጅ መቅለል አለበት። ይህን የምለው ሰምቼ አይደለም፤ አፍንጫዋ ዘንድ ስደርስ በትጋት ብዛት ግማሽ ሚሊ ሜትሯን ጨርሼ ክሩን አወጣሁት። በማግስቱ በጠዋቱ ቅዝቃዜ፣ ማድረቂያው በቀትር ሙቀት በእጄ ላይ እንዳይጠጥር፣ ጄልኮት በጥብጬ ደፈንኩት፤ ነጩ ግን ከነጩ አልገጠመም። ከዚያ በኋላ የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ኮምፓውንድ በጥላ ሥር፣ በክንድ ስፋት እየተከፈለ፣ በለስላሳ ጨርቅ ይታሻል። ፀሐይ ላይ ከሆነ ሳይሠራ ይደርቃል።

የመጨረሻው ሰም ነው። የዋግ ሰው ንብ አርቢ ነውና «የእኛ ሰም አይሆንም ወይ?» ተባልኩ። ጥያቄው ያስመሰግናል። የንብ ሰም ግን በ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፣ ከዚያም አስቀድሞ ልስልስ ብሎ አቧራ ይይዛል፤ ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ ከ80 ዲግሪ በላይ ስለሚጸና ለዚህ ሥራ የተሻለ ነው። እርሱም ቢሆን ወራት እንጂ ዓመታት አይቆይም።

በዚህ መካከል ከአጥማጆቹ አንዱ፣ «ጋሼ፣ ዓሣው እኮ የጀልባዋን መልክ አያይም» ብሎ አሳቀን። እውነቱን ነው፤ የሥራ ጀልባ እንደ መስታወት ልታብረቀርቅ አያስፈልጋትም። በየዓመቱ እስክታበራ ብንፋቃት ፀሐይ የጀመረችውን እኛ እንጨርሰዋለን። ስለዚህ 1500 ቁጥሩን በጀርባዋ ላይ ብቻ ተጠቅመን ሌላውን በ1000 ተውነው።

ይልቅስ ያሳሰበኝ የሚያዝያው ፀሐይ ነበር። ጀልባ ለአጥማጅ ሲሰጥ ሞተርና መረብ ይታሰባል፤ የጥላ ወጪ በዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ እኔ አላየሁም። አጥማጆቹ ምሰሶ ተክለው፣ ሣር ከድነው፣ ሁለት ጀልባ የሚያስጠልል ዳስ በአራት ቀን አቆሙ። ጀልባዋ በጥቅምት ወደ ውኃ ገባች፤ አፍንጫዋ ላይ ያለው ያልገጠመ ነጭ ከሩቅ ይታያል።