የመንግሥታት ግንኙነትና የእስፓኝ ቋንቋ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዘንድሮ ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ የምናጠናውን የምንመርጥበት ጊዜ ደርሷል። አንዳንዶቻችን የመንግሥታትን ግንኙነት ከእስፓኝ ቋንቋ ጋር አጣምረን ለመማር አስበናል። ይህንንም በየቤታችን ባነሣን ጊዜ፣ «የአንበሳሜ ልጅ እስፓኝኛ ተምሮ ከማን ጋር ሊነጋገርበት ነው?» ተብለናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለምና መልሳችንን እነሆ እናቀርባለን።

የመንግሥታት ግንኙነት የአምባሳደሮች ግብዣ ብቻ አይደለም። በፎገራ ሜዳ የሚመረተው ሩዝ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እየረዱ ያስለመዱት እህል ነው። የሁለት መንግሥታት ስምምነት በጆንያ ተሞልቶ ወረታ ገበያ ላይ ሲሸጥ እናያለን።

የእስፓኝ ሰው ደግሞ ጎረቤታችን ነበረ። (የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ በ1603 ወደ አገራችን ገብቶ፣ ግዕዝና አማርኛ ተምሮ፣ ከጣና ማዶ በጎርጎራ ተቀመጠ። በ1618 የዓባይን ምንጭ በግሽ አይቶ ጻፈ። በዐፄ ሱስንዮስም ዘንድ ታላቅ ሞገስ አገኘ። እርሱ በ1622 ከሞተ በኋላ፣ በ1625 የመጣው ፖርቱጋላዊው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የሕዝቡን ሥርዓት በትእዛዝ ሊለውጥ በተነሣ ጊዜ ግን ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። የሃይማኖቱን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወው። ፓኤዝ ግን ከማስተማሩ በፊት ቋንቋችንን መማሩን ልብ እንላለን፤ እኛስ የእነርሱን ብንማር ምን ነውር አለው?

በ1936 ፋሽስት ኢጣልያ አዲስ አበባን በያዘች ጊዜ፣ ወረራውን ሕጋዊ ነው ብለው ካልተቀበሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ እስፓኝኛ ተናጋሪዋ ሜክሲኮ ነበረች። መልእክተኛዋ ኢሲድሮ ፋቤላ በዤኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ስለ እኛ ተከራክሯል። በሜክሲኮ ከተማ «ኢትዮጵያ» የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ፤ በአዲስ አበባም ሜክሲኮ አደባባይ አለን። የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ሲጣራ ምክንያቱን የሚያስብ ተሳፋሪ ስንት ይሆን? ከ1979 ጀምሮም በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች በኩባ በእስፓኝኛ ተምረዋል። ቋንቋው ዛሬ ከተባበሩት መንግሥታት ስድስት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ዋና መቀመጫው በመዲናችን የሆነው የአፍሪካ ኅብረትም ይሠራበታል።

ትምህርቱ ቀላል ነው አንልም። በአንድ ወገን የዓለም አቀፍ ሕግ፣ የውሎች ታሪክና ምጣኔ ሀብት አለ፤ በሌላው ወገን በየቀኑ የሚጠና ቃል አለ። ደስ የሚለው ግን እስፓኝኛ እንደ ፊደላችን በአብዛኛው እንደ ተጻፈ ይነበባል። ግሡም ከባለቤቱ ጋር ይለዋወጣል፤ ይህ «ሄድኩ፣ ሄድን፣ ሄዱ» እያለ ላደገ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ወላጆቻችን የመረጥነውን እንድንሞላ እንዲፈቅዱልን፣ የቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊም አንድ የእስፓኝኛ መዝገበ ቃላት እንዲያስገቡልን በትሕትና እንለምናለን። መጽሐፉ ከመጣልን በዚህ ክረምት እንጀምራለን።