በሆድ በኩል የመጣ የሳንባ ካንሰር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከመሐንዲስ አፍ ስለ ሆድ ሕመም መስማት እንግዳ እንደሚሆንባችሁ ዐውቃለሁ። ይሁን እንጂ የቦይለር ሥራ ያስተማሩኝ አንጋፋ የጥገና ባለሙያ ያረፉበትን ሁኔታ ሳልናገር ማለፍ አልቻልሁም።

እኒህ ሰው ሳል አልነበራቸውም፤ ደምም አልተፉም። ያማቸው የነበረው ሆዳቸውን ነው። ጨጓራ ነው ተብሎ ለወራት መድኃኒቱን ዋጡ። አንድ ሌሊት ሆዳቸው እንደ ድንጋይ ደርቆ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሲከፈት ትንሹ አንጀት ተበስቶ ተገኘ፤ ተቆርጦ የወጣው ክፍል በአጉሊ መነጽር ሲመረመር ግን የካንሰሩ መነሻ ሳንባ ሆነ። ባለቤታቸው ይህ ሲነገራቸው ቲቢ መስሏቸው መድኃኒቱን ጠየቁ። በቋንቋችን «የሳንባ ነቀርሳ» የሚባለው ያ በሽታ ነውና ማን ይፈርድባቸዋል?

ሐኪሞችን ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ የሳንባ ካንሰር ሲሠራጭ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በአንጎል፣ በአጥንት፣ በጉበትና ከኩላሊት በላይ ባሉት አድሬናል ዕጢዎች ላይ ነው። አንጀት ላይ አርፎ ምልክት መስጠቱ እምብዛም አይታይም፤ በታየ ጊዜ ግን አንጀትን ይበሳል፣ ይዘጋል ወይም ያደማል። ይልቁንም ያስገረመኝ፣ ካንሰሩ ሆድ ውስጥ ሳይደርስም ሆድን ማሳመም መቻሉ ነው። አንዳንዱ ዓይነት የሚያመነጨው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ ስለሚያደርገው ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀትና ሕመም ይከተላል።

አሁን ወደ ሙያችን ልምጣ። እኒህ ሰው ሲጋራ ያጤሱ ነበር፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን በወጣትነታቸው የእንፋሎት ቧንቧ የተሸፈነበትን አስቤስቶስ በእጃቸው እየላጡ ዓመታት አሳልፈዋል። ኢርቪንግ ሴሊኮፍ የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በአስቤስቶስ ሠራተኞች ላይ የደረሰውን ጉዳት በ1964 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርገዋል። ትንባሆና አስቤስቶስ ሲገናኙ አደጋው የሁለቱ ድምር ከሚሆነው ይበልጣል፤ በሽታውም ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ሠራተኛው ጡረታ ወጥቷል፤ ቦይለሩም ተነቅሏል።

ወደ ክሊኒክ የወሰድኋቸው እኔ ነበርሁ። በካርዱ ላይ «የሥራ ዓይነት» በሚለው ቦታ «ጡረተኛ» ብዬ የሞላሁትም እኔው ነኝ። ቢስተካከል ኖሮ ይድኑ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ደረታቸው ግን ቀደም ብሎ ራጅ ይነሣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ በአስቤስቶስ አጠገብ የሠራ አባል ሁሉ የት፣ መቼና ለስንት ዓመት እንደሠራ የሚጻፍበት፣ አንዱ ቅጂም በራሱ እጅ የሚቀመጥ ቅጽ አዘጋጅቻለሁ። ረቂቁን ዛሬ ለማኅበሩ ጸሐፊ አስረክቤአለሁ።