ዝሆኑ ለምን ያስቃል? ስለ ካሚል ሳን-ሳንስ «የእንስሳት ካርኒቫል»



ሙዚቃ ያለ ቃል ሊያስቅ ይችላልን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የምፈልገው ፈረንሳዊው አቀናባሪ ካሚል ሳን-ሳንስ እ.ኤ.አ. በ1886 በደረሰው፣ 14 ክፍሎች ባሉት «የእንስሳት ካርኒቫል» ውስጥ ነው። አምስተኛው ክፍል «ዝሆኑ» ይባላል፤ የተጻፈውም ለደብል ባስና ለፒያኖ ብቻ ነው።

ፒያኖው የዋልዝ ምት ያስይዛል። በቫዮሊን ቤተሰብ ውስጥ በአካል ግዙፉ፣ በድምፅም ወፍራሙ ደብል ባስ ዜማውን ተሸክሞ ይጨፍራል። ከባድ ገላ በሥልት ሊሽከረከር ሲጣጣር የሚታየው ሰሚ ሁሉ ፈገግ ይላል። ይህ ግን የቀልዱ ሰም ነው።

ወርቁ ያለው መካከል ላይ ነው። እዚያ የሚሰማው ዜማ ኤክቶር ቤርሊዮዝ «የፋውስት ኩነኔ» በተሰኘው ሥራው ለአየር መናፍስት ጭፈራ የደረሰው ነው። ሜንደልሶን ለሼክስፒር «የበጋ ሌሊት ሕልም» ከጻፈው ፈጣን ስኬርዞም ቅንጫቢ ገብቶበታል። ክብደት የማያውቁ ፍጡራን ዜማ ለዝሆን ተሰጠ ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በቤርሊዮዝ ድርሰት ቫዮሊኖቹ ዜማውን ሲያንሳፍፉ፣ ቼሎዎቹና ደብል ባሶቹ አንዲት ኖታ ይዘው ከሥር ይቆማሉ። ሳን-ሳንስ ይህንኑ ሥርዓት ገለበጠው፤ ቤቱን ደግፎ የቆመው ምሰሶ ራሱ ተነሥቶ ጨፈረ። በኖታው ላይ የሰፈረው መመሪያም «በግርማ ሞገስ» የሚል ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ሊያስቅ ከሞከረ ቀልዱ ይሞታል፤ ዝሆኑ የሚያስቀው ራሱን ከልቡ ስለሚያከብር ነው።

ሳን-ሳንስ ግን የቁም ነገር አቀናባሪነት ስሙን እንዳያቀልበት በመሥጋት፣ ከ«ስዋን» በቀር ሥራው በሕይወት ሳለ እንዳይታተም ከለከለ። ሙሉው የታተመው ካረፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። በዚያው በ1886 በኦርጋን የታጀበው ሦስተኛው ሲምፎኒው ለንደን ላይ ለሕዝብ ቀርቧል። ሁለቱን የወለደው አንድ አእምሮ፣ አንድ ዕውቀት ነበር።

ተማሪዎቼን የማሳስባቸው ይህን ነው፦ አስቀድማችሁ ቤርሊዮዝን አድምጡ፤ ከዚያ ዝሆኑን። ወርቁን ያወቀ ሰው ሳቁም ሙሉ ይሆናል።