ከሁለት የተራቡ ላሞች አንዲት የጠገበች ትሻላለች
(ላም የምናረባ አባላት በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያቀረብነው ንግግር)



ይህን ንግግር ያዘጋጀነው በደብረ ብርሃን ዳርቻ ላም የምናረባ ዘጠኝ አባላት ተመካክረን ነው። ስለ ላም መግዣው ብድር ከመወሰናችሁ በፊት ጥቂት እንድታደምጡን እንለምናለን።

ባለፈው ዓመት ሦስታችን ከማኅበሩ ተበድረን ሁለተኛ ላም ገዛን። ደስታችን ብዙ አልቆየም። ሚያዝያ ሳይገባ ድርቆሹ አለቀ፤ ፉርሽካውና ፋጉሎው ተወደደ። ለአንዲት ይበቃ የነበረውን መኖ ለሁለት ስናካፍለው የሁለቱም ወተት ቀነሰ። ሁለት ላም አስረን የአንዲቷን ያህል እንኳ አላገኘንም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው በገዛ በረታችን ደረሰ። ብድሩን ግን በየወሩ መክፈል ነበረብን።

ይህን ለግብርና ባለሙያዋ ስንነግራት ስለ ዓለም ሙቀት አነሣችብን። መጀመሪያ ከእኛ ችግር ጋር የማይገናኝ ወሬ መስሎን ነበር። ኋላ ግን ነገሩ አንድ መሆኑ ገባን።

ላም፣ በግና ፍየል ሣርና ገለባ የሚፈጩት በጨጓራቸው ውስጥ በሚኖሩ፣ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን አማካይነት ነው። በዚህ መካከል ሚቴን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል፤ ላሟም አብዛኛውን እያገሳች ታወጣዋለች። ሚቴን በአየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ያህል ቢሆንም፣ በ100 ዓመት ሲሰላ አንድ ኪሎው ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። አገራችን ደግሞ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። መንግሥት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ መሠረት፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ከለቀቀችው 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሙቀት አማቂ ጋዝ ውስጥ 65 ሚሊዮን ቶን ያህሉ ከእንስሳት ርባታ የመጣ ነው።

«ዓለምን ያሞቁት ባለ ፋብሪካዎቹ አገሮች ሆነው ሳለ የእኔ አንዲት ላም ምን አደረገች?» ስትል ከመካከላችን አንዷ ጠየቀች። እውነቷን ነው፤ ትልቁ ዕዳ የእኛ አይደለም። ይህን የምናነሣው ወቀሳ ለመሸከም ሳይሆን ያ ጋዝ የእኛው ገንዘብ ስለሆነ ነው። ላሟ ከበላችው መኖ ኃይል ከመቶ 6 እጅ ያህሉ ሚቴን ሆኖ ይጠፋል። ደረቅ ገለባ ብቻ ስትበላ ደግሞ ብክነቱ ይብሳል። ወተት ሰጠችም አልሰጠችም ማግሳቷ አይቀርም። የአገራችን ዝርያ ላም በአማካይ በቀን ከ2 ሊትር በታች ስለምትታለብ፣ ለእያንዳንዱ ሊትር የሚወጣው ጋዝም የሚባክነው መኖም ብዙ ነው። በደንብ የበላች ላም ግን ከዚያው መኖ ላይ ብዙ ሊትር ታወጣለች።

ከሦስታችን አንዷ ሁለተኛዋን ላም ሸጣ በገንዘቡ መኖ ገዛች። ዛሬ ከአንዲቷ የምታልበው ያኔ ከሁለቱ ታልበው ከነበረው ይበልጣል።

ሁለተኛው ጉዳያችን እበቱ ነው። ኩበት ሸጠው ልጆቻቸውን ያስተማሩ እናቶች እዚህ መካከላችን ተቀምጠዋል። እኛም ያለ ኩበት እንጀራ አንጋግርም። ስለዚህ ኩበት ይቅር አንልም፤ ምንም እንኳ ሲነድ የማሳው ምግብ አብሮ እየነደደ፣ ጭሱም ዓይናችንንና ያዘልነውን ሕፃን ደረት እየጎዳ ቢሆንም። ነገር ግን በክረምት ኩበት አይደርቅም። እበቱ ከሽንት ጋር ተረግጦ ልብስ ወደምናጥብበት ወንዝ ይፈሳል። ሳይገላበጥ እርጥቡን ሲከመርም አየር ስለማያገኝ ሚቴን ያወጣል። ይህን የክረምት እበት ከተረፈ ገለባ ጋር ደባልቀን፣ ከዝናብ ከልለን፣ እየገላበጥን ብናበሰብሰው ጋዙ ይቀንሳል፤ ለጎመንና ለድንቻችንም ፍግ ይሆናል። የማንም ኩበት አይነካም።

ስለ ባዮጋዝም ጠይቀናል። አነስተኛው ማብላያ እንኳ በየቀኑ የ4 ከብት ያህል እበት ይፈልጋል፤ የአብዛኞቻችን ላም ግን አንዲት ናት። የእኛ አገር ብርድም ጋዙን ያሳንሰዋል። ለወጥና ለቡና ቢሆን እንጂ ለምጣድ እሳቱ አይበቃም። ተሰንጥቆ ካፈሰሰ ደግሞ ሚቴኑ ተመልሶ ወደ አየር ይወጣል። ስለዚህ ለጊዜው እንቆይ ብለናል።

ከማኅበሩ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለሁለተኛ ላም የሚበደር አባል በመጀመሪያ የበጋውን መኖ ማዘጋጀቱ ይታይ። ሁለተኛ፣ ብድሩ ለመኖም ይፈቀድ፤ ድርቆሽ በሚታጨድበት ወራት፣ ዋጋው ሳይወጣ፣ በጋራ ገዝተን እናከማች። ገለባን በዩሪያ ማከምንም ባለሙያዋ ታስተምረን። ዩሪያ በቀጥታ ለከብት ቢሰጥ ስለሚገድል ማንም በራሱ አይሞክረው። ሦስተኛ፣ ከመጪው ሰኔ ጀምሮ የክረምቱን እበት ፍግ እናድርግ።

ለሁለተኛ ላም ተራ የሚጠብቁ አራት እህቶች አሉን። ይህ ደንብ እንደሚያዘገያቸው እናውቃለን፤ ማስቀየሙም ያሳስበናል። ነገር ግን እኛ በገባንበት ዕዳ እነሱም እንዲገቡ አንፈልግም። ከእኛ ላሞች መካከል ሁለቱ አሁንም የተራቡ ናቸው። ኑና እዩአቸው፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ ስጡ።