ብስክሌትን በቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ስለማስኬድ
(ለማኅበራት አባላት ከቀረበ ገለጻ)



በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ ነገር መነጋገሪያ ሆኗል። ወፍራም ጎማ ባለው ብስክሌት ላይ ሞተር ገጥሞ ከኮምቦልቻ ደሴ ጭነት ለማመላለስ የሚያስብ ወጣት ቢኖር ሐሳቡ ደግ ነው። ችግሩ አቀበቱ ነው።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ናቸው። ሰውየው፣ ብስክሌቱና ጭነቱ በድምሩ 150 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ይህን ሽቅብ ለማውጣት ብቻ 265 ዋት-ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ወፍራም ጎማ መንገዱን ይዞ ስለሚጎተትና ሞተሩም በሙቀት ስለሚያባክን ፍጆታው እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ባለ 48 ቮልት 10 አምፒር-ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 480 ነው፤ ደሴ ሳይገባ ያልቃል። ባለ 15ቱ 720 ስለሚይዝ፣ ፔዳል እየረገጡ ካገዙት ያደርሳል።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የኋላ ጎማው አክሰል የሚያርፍበት ስፋት ይለካ። የተለመደው ሞተር ለ135 ሚሊ ሜትር የተሠራ ነው፤ የወፍራም ጎማ ብስክሌት ግን ብዙ ጊዜ 170 ወይም 190 ስለሆነ አይገባም። ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። አክሰሉ ዞሮ ሽቦውን እንዳይበጥስ አንቆ የሚይዝ ብረትም የግድ ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን መልሱ ነው። ቁልቁለቱ ረጅምና ጠመዝማዛ፣ መኪናውም ብዙ ነው። ቸርኬ የሚይዝ የላስቲክ ፍሬን በዝናብ ይከዳል፤ ከፊትም ከኋላም የዲስክ ፍሬን የሌለው ብስክሌት ሞተር ባይገጠምበት ይሻላል። ባትሪውም ሰው በሚተኛበት ክፍል ሌሊት ቻርጅ አይደረግ።